ቅጂ ሁሉ ኩረጃ አይደለም

የመተላለፊያችን ባዶ ግድግዳ በምን ይጌጥ የሚለው ጥያቄ ዘንድሮ የወላጆች ኮሚቴን ሲያነጋግር ከርሟል። የእኔ ሐሳብ በጣሊያን የህዳሴ ዘመን ከተሠሩት ቅርጻ ቅርጾች የአንዱን የጀሶ ቅጂ እንድንሰቅል ነው። ሁለት ተቃውሞ ቀርቦበታል። አንደኛው «ዋናው ካልሆነ ቅጂ ምን ይረባል?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «የሁለት ሃይማኖት ልጆች በሚማሩበት ቤት ሃይማኖታዊ ምስል ለምን?» የሚል ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ስለሆኑ መልሴን በጽሑፍ ላስቀምጥ።

ያሰብኩት የፍሎረንሱ ቀራፂ ሎሬንዞ ጊቤርቲ እ.ኤ.አ. ከ1425 እስከ 1452 የደከመበትን በር ነው። «የገነት በር» የሚባለው ይህ ሥራ በወርቅ የተለበጠ ነሐስ ነው፤ የብሉይ ኪዳን ታሪኮች የተቀረጹባቸው 10 ሰሌዳዎች አሉት። የእያንዳንዱ ሰሌዳ ጎን ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ከፊት ያሉት ሰዎች ከሰሌዳው ወጥተው ሊራመዱ የደረሱ ይመስላሉ፤ ከኋላ ያሉት ግን በስሱ ብቻ ተነክተዋል። ርቀት የሚታየን በዚህ ዘዴ ነው። ፎቶግራፍ ይህን ሁሉ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ የጀሶ ቅጂ ግን ጥልቀቱን ይጠብቃል።

ጀሶን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስሙንም የወሰድነው ከጣሊያንኛ ነው። ድንጋዩ በእሳት ሲጠበስ በውስጡ ካለው ውሃ አብዛኛው ይወጣል። ከዚያ የተፈጨው ዱቄት ውሃ ሲያገኝ መልሶ ይጠጥራል። ከዋናው ሥራ ላይ ፎርማ ተወስዶ ጀሶ ሲፈስበት ጥቃቅኑ ጭረት ሳይቀር ይወጣል።

ወደ መጀመሪያው ተቃውሞ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1867 የእንግሊዙ ሄንሪ ኮል የአውሮፓ መሳፍንት የአገሮቻቸውን ድንቅ ሥራዎች ቅጂ እንዲለዋወጡ አስማማቸው። በ1873 ደግሞ ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት በሚባለው የለንደን ሙዚየም የቅጂዎች አዳራሽ ተከፈተ፤ ፍሎረንስ መሄድ የማይችል ተማሪም እዚያው ቆሞ ተማረ። በኋላ ዘመን ቅጂ ተናቀና ብዙ ሙዚየሞች ቅጂዎቻቸውን መጋዘን ከተቱ። ይሁን እንጂ በግንቦት 1945 በርሊን ውስጥ የተከማቹ ብዙ ቅርጾች በእሳት ሲወድሙ ከአንዳንዶቹ የተረፈው ቀድሞ የተወሰደው የጀሶ ቅጂ ነበር። የገነት በርም ቢሆን በ1966ቱ ጎርፍ ሰሌዳዎቹ ከተገነጠሉ በኋላ ዋናው ሙዚየም ገብቷል፤ ዛሬ ጎብኚ ከመንገድ ላይ ቆሞ የሚያደንቀው ቅጂውን ነው።

«ታዲያ ለምን ስንኮርጅ ትቀጡናላችሁ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ኩረጃ ምንጩን ይደብቃል፤ እውነተኛ ቅጂ ምንጩን ይናገራል። የብራና መጻሕፍቶቻችን ከትውልድ ትውልድ የተሻገሩት በገልባጮች እጅ ነው፤ ሌባ ያላቸው ግን የለም። እኛም ከቅርጹ ሥር የቀራፂውን ስም፣ ዓመቱንና «ቅጂ» የሚለውን ቃል በጉልህ እንጽፋለን።

ለሁለተኛው ተቃውሞ መልሴ ከ10ሩ ሰሌዳዎች የመጨረሻው ነው። በእሱ ላይ ንጉሥ ሰሎሞን የሳባን ንግሥት ሲቀበል ይታያል። ክርስቲያን ልጆቻችን ማክዳ ይሏታል፤ ሙስሊም ልጆቻችን በልቂስ ይሏታል። ታሪኳ በመጽሐፍ ቅዱስም በቁርዓንም አለ። እ.ኤ.አ. በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለጉባኤ ፍሎረንስ ሲገቡ በሩ ገና በሥራ ላይ ነበር። ጊቤርቲ ከነገሥታቱ ጀርባ ያቆመው ሕንፃ ደግሞ የአውሮፓ ካቴድራል ይመስላል። «ለምን እንዲህ አደረገው? እኛ ብንቀርጸውስ ምን ከኋላ እናቆም ነበር?» ብለን ልጆቹን ብንጠይቅ ታሪክ፣ ሥነ ጥበብና ግብረ ገብ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገናኛሉ።

ስለዚህ ወላጆችን የምጠይቀው ይህን አንድ ሰሌዳ ብቻ ነው፤ ሙሉ መጠኑ ከአቅማችን በላይ ከሆነ አነስ ያለ ቅጂ ይበቃናል። የሚሰቀለውም የአንደኛ ክፍል ልጅ እጅ በሚደርስበት ከፍታ ይሁን። ዋናውን መንካት ክልክል ነው፤ የእኛን ግን ልጆቹ ይዳስሱት፣ ፊቱ ተቀምጠው ይሳሉት። ቢሰነጠቅም በጀሶ እንጠግነዋለን።