እንግዳው ሰዓሊና የፈረሰችው ከተማ

እኔ ሰሞኑን እንግዳ አለብኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ሰዓሊ ነው፤ ስድስት ወር ተቀምጦ ጥናት እንዲያካሂድ አንድ የኪነ ጥበብ ድርጅት ጋብዞት ነው የመጣው። ስሙን አልጽፍም። ምክንያቱን ወደ ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

መቼም እኛን የተቀበለን ካምፕ ነበር። አልጋው፣ ሾርባው፣ የጣት አሻራው ሁሉ ተዘጋጅቶ ጠበቀን። ይህ ልጅ ግን ቪዛውም ገንዘቡም ተሟልቶለት በክብር በስኪፖል ገብቶ፣ አምስተርዳም ላይ ያጣው ነገር አድራሻ ነው። ከአራት ወር በላይ የሚቀመጥ ሰው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መመዝገብ አለበት። ካልተመዘገበ መለያ ቁጥር የለውም፤ ቁጥር ከሌለው የባንክ ሒሳብ ለመክፈት አበሳውን ያያል። ክፍል ያገኘለት አከራይ ደግሞ «መኖር ትችላለህ፣ መመዝገብ ግን አትችልም» አለው። ይህችን ዓረፍተ ነገር የማያውቃት ከመካከላችን ማን አለ? ሦስት ሳምንት ሻንጣውን እየጎተተ ከቤይልመር ኖርድ፣ ከኖርድ ቤይልመር ሲንከራተት ከረመ። በመጨረሻ ሮተርዳም ያለች አንዲት እኅታችን ዩኒቨርሲቲ የሄደ ልጇን ክፍል ሰጥታ በቤቷ አስመዘገበችው።

እንደ ዕድል ሆኖ ጥናቱም እዚያው ሮተርዳም ነው። ልጁ ያደገው ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሲፈርስ እርሱ እርሳስና ወረቀት ይዞ ቆሞ ነበር። አሁን ማጥናት የፈለገው መሐሉ የጠፋበት ከተማ ያጣውን እንዴት እንደሚያስታውስ ነው። ሮተርዳምን የጀርመን አውሮፕላኖች እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1940 በሩብ ሰዓት ያህል ውስጥ መሐሏን አወደሙት፤ 80,000 ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። እሳቱ የቆመበት ወሰን ዛሬ በመሬት ላይ በሚያበሩ ምልክቶች ተከልሏል። በ1953 የቆመው የዛድኪን ሐውልትም አለ፤ እጆቹን ወደ ሰማይ የዘረጋ፣ ሆዱ የተቦረቦረ የነሐስ ሰው። ስሙ «የፈረሰችው ከተማ» ነው። እኔ በዚያ በኩል ስንት ዓመት ሳልፍ ቀና ብዬ ያየሁት ከልጁ ጋር ስሄድ ነው።

«ሮተርዳምን ያፈረሰው ጠላት ነው፤ የእኛን ያፈረስነው ግን ራሳችን ነን» ብዬ ነገር ጀመርኩ። ልጁ ዝም ብሎ አልተቀበለኝም። ከቦምቡ በኋላ ቆመው የቀሩትን ሕንፃዎች ብዙውን ጠርገው፣ መሬቱን ከባለቤቶቹ ወስደው አዲስ ከተማ የነደፉት የሮተርዳም ሰዎች ራሳቸው መሆናቸውን ነገረኝ። ደግሞም «ጋሼ፣ ለሃያ ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት የነበረው ሰው ኮንዶሚኒየም ሲደርሰው ሁሉም አያለቅስም። እናቴ ያለቀሰችው ለቤቱ አይደለም፣ ለዕድሯ ነው» አለኝ። እኛ ከሩቅ የምናለቅስለትን ነገር እነሱ ከቅርብ ለይተው ያውቁታል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና እየተጠጣ አዛውንቶቻችንን ፒያሳን በወረቀት ሣሉልኝ ይላቸዋል። ጭቅጭቁን ባያችሁ! ሲኒማ ኢትዮጵያ አጠገብ የነበረው ሱቅ የማን እንደነበረ ሁለት የተከበሩ ሰዎች እስካሁን አልታረቁም። ልጁ ግን አንድ ነገር አስተዋለ፤ ሁሉም የሚሥለው ከአገር የወጣበትን ዓመት ፒያሳ ነው። በ1970 የወጣው ሌላ፣ በ1983 የወጣችው ሌላ። እርሱም በስስ ወረቀት አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ ይሥላቸዋል። የእኔን ካርታ ከላይ ሲያነባብረው የኖርኩበት ቤት በሌላ ሰው መንገድ መሐል ገባ።

እንግዲህ ሐሜቱም ተጀምሯል። «ትኬቱን ይቅደደው እንጂ፣ ምን ሊሠራ ይመለሳል?» ይላሉ ወገኖቻችን፣ በቅን ልቡና። ልጁም አንድ ማታ ትራም ስንጠብቅ «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይመክሩኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ሁለት ሰው አነሣሁለት። ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 ኮሎኝ ተምሮ ወደ አገሩ ተመልሶ አስተማረ፤ በደርግ ዘመን ወደዚያችው ጀርመን በስደተኛነት መጣ፤ በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ በ2004 በዘ ኤክስ ግብዣ እዚህ አምስተርዳም መጥቶ ተጫውቶ፣ ከዚያም እየመጣ ሸልሎ እየተመለሰ፣ በ2016 በአገሩ ሞተ። «ታዲያ የቱን ልሁን?» አለኝ። እኔ ለመመለስ ያልታደልኩ ሰው ተመለስ ልለው አፌ አልደፈረም፤ ቅር ልለውም ካምፑን አውቀዋለሁ። ትራሙ መጣና ተሳፈርን።

የቀረው ስድስት ሳምንት ነው። የዶሮ ማነቂያ፣ የሠራተኛ ሰፈር ወይም የእሪ በከንቱ የድሮ ፎቶግራፍ ያላችሁ፣ በዴን ሃግም ሆነ በሌላ ከተማ የምትኖሩ፣ በዝግጅት ክፍላችን በኩል ብታደርሱለት ገልብጦ ይመልስላችኋል። ከጀርባው ዓመተ ምሕረቱን መጻፍ አትርሱ።