ቃሉን ያውቁታል፣ የጠፋባቸው ማያያዣው ነው

በጋሞ ደጋ፣ ዶርዜ ሐይዞ ውስጥ ቱሪስት የሚያስጎበኝ ወጣት የእንግሊዝኛ ቃል አይቸግረውም። እንሰቱን፣ ቀርከሃውን፣ ጥጡን፣ ሸማውን፣ ዝሆን የሚመስለውን ቤት ሁሉንም በእንግሊዝኛ ይጠራቸዋል። ችግሩ የሚመጣው አንዱን ነገር ከሌላው ጋር ማያያዝ ሲጀምር ነው። የዶርዜ ቤት ሲሠራ እጅግ ረጅም ነው፤ ምስጥ ከሥር ስለሚበላው ግን ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ ይሄዳል። ይህን በአማርኛም በዶርዝኛም አሳምሮ የሚያስረዳ ልጅ እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ «ምስጥ ይበላል፣ ቤት አጭር» የሚል ነገር ተናግሮ ይቆማል። ምስጡና የቤቱ ማጠር ምን እንዳገናኛቸው እንግዳው በራሱ መገመት አለበት።

እኔ ከዚሁ ከጋሞ ደጋ የተገኘሁ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ አስጎብኚ መሆን የሚፈልጉ ልጆችን አለማምዳለሁ። በክፍልም ሆነ በማታው ልምምድ የማየው ችግር አንድ ዓይነት ነው፤ ትምህርታችንም ይህን ችግር አልነካውም ብዬ አምናለሁ። የቃል ዝርዝር እናስጠናለን፣ የግስ ጊዜ ሰንጠረዥ ሰሌዳ ላይ እንሞላለን። ስም ከግስ፣ ዓረፍተ ነገር ከዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚጋጠም ግን እግረ መንገዳችንን ነክተነው እናልፋለን። ከዚያ የባሰው ደግሞ ልጁ ይዞት የመጣው ቋንቋ በምን መንገድ እንደሚያያይዝ አንድም ቀን አለመጠየቃችን ነው።

ቆጮን እንውሰድ። «እናቶች እንሰቱን ፍቀው፣ በቅጠል ጠቅልለው ቀብረው፣ ሲብላላ አውጥተው፣ አቡክተው ይጋግሩታል።» ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ፍቀው፣ ጠቅልለው፣ ቀብረው፣ አውጥተው፣ አቡክተው የሚሉት ግሶች ሁሉ መጨረሻ ላይ ያለውን «ይጋግሩታል»ን ይጠብቃሉ፤ ጊዜውን የሚወስንላቸው እሱ ነው። በመካከላቸው «እና» የሚል ቃል አያስፈልግም፤ ማያያዣው የግሱ ቅርጽ ውስጥ አለ። ጋሞኛም፣ የቅርብ ዘመዱ ዶርዝኛም፣ ግሱን መጨረሻ ላይ አስቀምጦ የፊተኞቹን በዚሁ ዓይነት ያሰልፋል። ስለዚህ ከሐይዞ የመጣው ልጅ በሁለት ቋንቋ ያዳበረው ልማድ አንድ ነው። እንግሊዝኛው ግን ለእያንዳንዱ ግስ የራሱን ጊዜ፣ በመካከሉም «ኤንድ»ን፣ «ዜን»ን፣ «አፍተር»ን ይፈልጋል። ይህን ማንም ያልነገረው ተማሪ ወይ ግሶቹን ያለ ማያያዣ ይደረድራቸዋል፣ ወይ ደግሞ በየመሐሉ «ኤንድ» እየሰካ ገጽ ይሞላል። መምህሩም በቀይ እስክሪብቶ «ስህተት» ብሎ ይመልስለታል። ልጁ ግን የራሱን ቋንቋ ሕግ አክብሮ ነው የጻፈው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «አንለስ» ነው። «ሲድስ ዱ ኖት ጀርሚኔት አንለስ ዘይ ጌት ዋተር» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፌ ትርጉሙን ስጠይቅ «ዘር ውሃ ካገኘ አይበቅልም» የሚል መልስ በየጊዜው ይመጣል። እንዲህ የሚለው አባቱ ገብስ ሲዘራ እያየ ያደገ፣ ዘር ያለ ውሃ እንደማይበቅል በዓይኑ ያረጋገጠ ልጅ ነው። «ሲድስ» ምን እንደሆነ ያውቃል፣ «ጀርሚኔት»ንም አጥንቷል። አማርኛው «ውሃ ካላገኘ አይበቅልም» ሲል አሉታውን ሁለቱም ግሶች ላይ ያደርጋል። እንግሊዝኛው አንዱ ላይ ብቻ «ኖት» ጽፎ ሌላውን አሉታ «አንለስ» ውስጥ ይሸሽገዋል። ተማሪው «ዘይ ጌት ዋተር» አጠገብ «ኖት» ፈልጎ ሲያጣ «ያገኛል ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። ይህን ልዩነት ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፎ ለማሳየት ረጅም ጊዜ አይወስድም። ያልታየለት ልጅ ግን ባዮሎጂውንም፣ ፊዚክሱንም፣ ኬሚስትሪውንም ገልብጦ ሊያነብ ነው።

የስምና የግስ መስማማትም እንዲሁ ነው። «የጋቢዎቹ ዋጋ ውድ ነው» ስንል ዋናው ስም «ዋጋ» ከግሱ ብዙም አይርቅም፤ ብዙ ቁጥር ያለው «ጋቢዎቹ» ከፊት ቀርቷል። እንግሊዝኛው ተራውን ይገለብጠዋል፤ «ዘ ፕራይስ ኦፍ ዘ ጋቢስ» ብሎ ብዙውን ስም ግሱ አፍንጫ ሥር ያመጣዋል። ልጁ አጠገቡ ያየውን ብዙ ቁጥር ተከትሎ «አር» ይላል። በዕለት ንግግር እንግሊዞቹም የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው። የእኛ ልጅ ግን በራሱ ቋንቋ ዋናውን ስም ከኋላ መፈለግ ስለለመደ፣ እንግሊዝኛ ሲያነብ ወደ ፊት ተመልሶ እንዲፈልግ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

«ኦልዞው» ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ «በት» የሚጨምረውም ብዙ ነው። የመጣው «ምንም እንኳን ቢዘንብም፣ ነገር ግን ሄድን» ከሚለው የአማርኛ አጻጻፋችን ነው። እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይቀበላል።

ይህ ሁሉ የቋንቋ መምህራን ብቻ የሚጨነቁበት ጥቃቅን ነገር እንዳይመስል። በቀድሞው የደቡብ ክልል ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ነው የኖረው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመላ አገሪቱ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም እንግሊዝኛ ላይ አልጭንም። ይሁን እንጂ ጥያቄውን በትክክል ማንበብ ያልቻለ ልጅ መልሱን ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል? ፈተናው ራሱ ምርጫ ብቻ በመሆኑ ተማሪው ሁለት ዓረፍተ ነገር በራሱ እጅ አያይዞ ሳይጽፍ ትምህርቱን ይጨርሳል። ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ደግሞ ክፍል ውስጥ ጊዜ አያገኝም።

የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሌላ ቋንቋ እንዳይሰማ የሚያዙ ትምህርት ቤቶች አሉ። አንድ ጊዜ ለሱፐርቪዥን የመጣ ኃላፊ በጋሞኛ ምሳሌ በመስጠቴ ነጥብ ቀንሶብኛል። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ልጁ እንግሊዝኛ ይስማ ነው። መስማትማ አለበት። ግን በየት በኩል እንደተሳሳተ በማይገባው ቋንቋ ብቻ ሊነገረው አይችልም። የእኛ አካባቢ ደግሞ ለቋንቋው ዋጋ የከፈለ ነው። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ቀላቅሎ የተዘጋጀው «ወጋጎዳ» የተባለው የመማሪያ መጽሐፍ በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ የሰው ሕይወት የጠፋበት ተቃውሞ አስነስቶ ነው የቀረው። ዛሬ የጋሞ ልጅ በታችኛው ክፍል በጋሞኛ ይማራል፤ የቋንቋውን ሰዋስውም ይነካካል። ወደ እንግሊዝኛው ሲሻገር ግን ያንን እውቀት በር ላይ እንዲያስቀምጥ እናደርገዋለን።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የክልሉ ትምህርት ቢሮ በ8ኛ ክፍል፣ ትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ በ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ አንድ አጭር አንቀጽ ያጽፉ። ማረሙ አድካሚ እንደሆነ አላጣሁትም፤ እርማቱ እስኪደራጅ ድረስ ትምህርት ቤቶች በየመንፈቁ በራሳቸው ፈተና ላይ ሊጀምሩት ይችላሉ። ሁለተኛው ሥራ አርባ ምንጭ ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲውም የመምህራን ትምህርት ኮሌጁም እዚያው ናቸው። ከ9ኛ ክፍል የሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ «አንለስ»፣ «ኦልዞው»፣ «ዌርአዝ»፣ «ሄንስ» እና መሰሎቻቸው ያሉባቸው ዓረፍተ ነገሮች ይለቀሙ። ከእያንዳንዱ ጎን አማርኛውና ጋሞኛው ይጻፍ፣ ማያያዣውም በሦስቱም ቋንቋ ይሰመርበት። ተባዝቶ ለየትምህርት ቤቱ ሲላክ ለእንግሊዝኛ መምህሩ ብቻ ሳይሆን ለባዮሎጂና ለፊዚክስ መምህራንም ይድረስ፤ «አንለስ»ን ከእኔ ይልቅ በየቀኑ የሚጠቀሙት እነሱ ናቸውና።