ትንሣኤ ከፋሲካ ማግስት

የፋሲካ ሌሊት ቴሌግራሙም ቲክቶኩም በትንሣኤ ሥዕልና በመልካም ምኞት ይጥለቀለቃል። ጥሩ ነው፣ ደስታን መካፈል ማንንም አይጎዳም። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ግን በዓሉ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ይዘልቃል፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ፖስቱ ሰኞ ከሰዓት ተረስቷል። ታዲያ በቀሩት ቀናት ጭሮ ላይ ባጃጅ ለሚነዳው፣ ገለምሶ ላይ ሱቅ ለሚጠብቀው፣ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ለፈተና ለምታነበው ክርስቲያን ትንሣኤ ምኗ ነው?

ብዙ ጊዜ ይህ ተስፋ ትዝ የሚለን ለቅሶ ቤት ነው። እዚያም ቢሆን አጠቃቀሙን አናውቅበትም። ልጇን ያጣች እናት ስታለቅስ «ተይ እንጂ፣ ክርስቲያን አይደለሽ እንዴ?» እንላታለን። ይሄ ከየት መጣ? ኢየሱስ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። ጳውሎስም የተሰሎንቄ ሰዎችን ተስፋ እንደሌላቸው ሆነው እንዳያዝኑ መከራቸው እንጂ ኀዘንን አልከለከለም።

በእኛ አካባቢ ደግሞ መቃብር የሌለው ለቅሶም አለ። ከሐረርጌ በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር የሚወጣው ወጣት ጥቂት አይደለም። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. አብዛኞቹ ተሳፋሪዎቿ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ጀልባ የመን፣ አብያን ጠረፍ አጠገብ ሰጥማ በርካቶች ሞተዋል። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር ልጁን የሸኘ ቤት ሁሉ ስልኩን ታቅፎ ይቀመጣል። አንዳንዱ ቤት የሚቀብረው አስከሬን እንኳ አያገኝም።

ለዚህ ቤት «ነፍሱን ይማር» የሚል ኮሜንት ምን ያደርግለታል? ክርስትና የሚለው ከዚያ ያለፈ ነው፤ ሥጋ ይነሣል ነው የሚለው። የዮሐንስ ራእይ ባሕርም ሙታኑን እንደሚመልስ ይናገራል። ባሕር የዋጠው ሥጋ እግዚአብሔር ዘንድ ይህን ያህል የሚፈለግ ከሆነ፣ ገና በሕይወት ያለው፣ ደላላ ጋር በስልክ የሚነጋገረው ጓደኛችንስ? «ዓለም እንደሆነ ኃላፊ ነው» ብሎ ዝም ማለት መንፈሳዊነት ይመስላል። እኔ ግን ስንፍና ነው እላለሁ። ቁጭ ብሎ ማውራት፣ ሥራ አብሮ መፈለግ፣ ካስፈለገም መጣላት አለ።

አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15ን ስልካችሁ ላይ ክፈቱት። ጳውሎስ 58 ቁጥር ሙሉ ስለ ሙታን መነሣት ይከራከራል፤ መጨረሻ ላይ ድካማችሁ ከንቱ አይደለምና ሥራችሁን ቀጥሉ ይላል። ወደ ምዕራፍ 16 እለፉ። የመጀመሪያው ጉዳይ መዋጮ ነው፤ ለኢየሩሳሌም ምእመናን የሚሰበሰብ ገንዘብ። ሞት ተሸነፈ ካለ በኋላ ወዲያው ስለ ብር ያወራል!

የትንሣኤውን ዜና መጀመሪያ የሰሙትም ሽቱ ይዘው ሬሳ ሊቀቡ በማለዳ የወጡ ሴቶች ናቸው። (አሰቦት ላይ ያለው ገዳም ደብረ ወገግ መባሉ ያንን ሰዓት ያስታውሰኛል፤ ሊነጋ ሲል ወገግ የሚለውን።) ድንጋዩን ማን እንደሚያንከባልልላቸው እየተጨነቁም ቢሆን ሄደዋል። በእኛ ቋንቋ የለቅሶ ቤት ሥራ ላይ ነበሩ።

ያ ሥራ ዛሬ በዕድር ነው የሚሠራው፤ ሐረርጌ ውስጥ አፎሻም ይባላል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ የንፍሮው ድስት የሱ ነው። ብዙ ወጣት ግን ዕድርን የእናትና የአባት ጉዳይ አድርጎ ትቶታል። ሲደርስበት ብቻ ነው የሚያውቀው።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላስ? በሦስተኛው ሳምንት ዘመድ ሁሉ ተበትኖ፣ እናትየው ብቻዋን ስትቀር ውኃ የሚቀዳላት፣ በሯን የሚያንኳኳ ያስፈልጋታል። ሂርናም ሆነ በዴሳ ብትሄዱ ይህን የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ሙስሊም ጎረቤት ነው። እሱም ሙታን እንደሚነሡ ያምናል፤ ቂያማ ይለዋል። የቤቷን በር ደግሞ ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል።