ዓይን ወይስ ሂሳብ? የፑል ተጫዋቾች ክርክር

ፑል የምትጫወቱ ሰዎች ይህን ክርክር ሳትሰሙት አትቀሩም፤ ኳስ የሚገባው በዓይን ነው ወይስ በጂኦሜትሪ? እኔ አቋሜን ልናገር፣ እናንተ ፍረዱ።

ጂኦሜትሪው ቀላል ነው። የኳሱ ስፋት 57 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ልታስገቡት ከፈለጋችሁት ኳስ በስተኋላ፣ ከቀዳዳው ጋር በአንድ መስመር፣ ሌላ ኳስ የተቀመጠ አድርጋችሁ አስቡና ነጩን ወደዚያ ላኩት። የነጩን መሃል በሌላው ኳስ ጠርዝ ላይ ካነጣጠራችሁ ደግሞ ኳሱ 30 ዲግሪ ይታጠፋል። ይህን ማንም አይክደውም።

ነገር ግን ኳሶቹ ሲነካኩ ይፋተጋሉ። በዚህ ምክንያት ኳሱ ሂሳቡ ከሚለው ትንሽ ያነሰ ይታጠፋል፤ ቀስ ብላችሁ ስትመቱ ወይም ኳሱ ሲቆሽሽ ይብሳል። የ1 ዲግሪ ስህተት ደግሞ በ1 ሜትር ርቀት ላይ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ያስታል!

ስለዚህ ብዙዎች ወደ ዓይን ስልት ይሄዳሉ። ስሙ የገነነው አሜሪካዊው ሃል ሁል የጀመረውና ስታን ሸፌት ያስፋፋው «ከመሃል ወደ ጠርዝ» የሚባለው ነው። በጥቂት የታወቁ መስመሮች ታያለህ፣ እንጨቱን በትንሹ ታዞራለህ፣ ትመታለህ።

እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ መስመሮቹ ጥቂት ናቸው፣ ማዕዘኑ ግን ስፍር ቁጥር የለውም። ኳሱን 1 ሳንቲ ሜትር ብናንቀሳቅሰውና ያው መስመር ቢያገለግል፣ ልዩነቱን የሞላው ማን ነው? «ቦታው ሲቀየር እይታውም ይቀየራል» ይሉኛል። እንግዲያው የሞላው ስልቱ ሳይሆን የለመደ ዓይን ነው ማለት አይደለም?

ስልቱ ግን ከንቱ አይደለም። ተጫዋቹ ሳያጎነብስ በፊት ቆሞ እንዲያይና ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አቋቋም እንዲመታ ያስገድደዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሚያሳስበኝ ለልጆቹ ነው። አብሮኝ የሚጫወት አንድ ወጣት ምስጢሩን ፍለጋ ከቪዲዮ ቪዲዮ ሲዘል ወራት አለፉት፤ ልምምዱን ግን ትቶታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ እውነቱን እንንገረው፤ ጂኦሜትሪው የት መምታት እንዳለበት ያሳየዋል፣ ስልቱ ሥርዓት ያስይዘዋል፣ ኳሱን የሚያስገባው ግን ድግግሞሽ ነው። ሁለት ቦታ ምልክት አድርጎ ያንኑ ምት መቶ ጊዜ ይምታ። ይህ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቸር ይግጠመን።