እምነታችን ከግድግዳው ወደ ሚዛኑ ይውረድ

አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ወይም ባጃጅ የተሳፈረ ሰው የሹፌሩን ሃይማኖት ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገውም። የእመቤታችን ሥዕል ከፊት መስታወቱ በላይ ተለጥፏል፤ አለዚያም ከኋላ «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ሱቁ በቅዱስ ስም ተሰይሟል፤ ጠዋት ሲከፈት መዝሙር ይለቀቃል፣ ጸበል ይረጫል። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ቢሆን ከኮምፒውተሩ ጥግ ትንሽ ሥዕል አይጠፋም። ስለዚህ እምነት ከሥራ ቦታችን ርቋል የሚለው ወቀሳ ልክ አይመስለኝም። እምነታችን ሥራ ቦታ ደርሷል። የቀረው ከግድግዳው ወርዶ ወደ ሚዛኑ፣ ወደ ፋይሉና ወደ ወረፋው መምጣቱ ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከ100 ኢትዮጵያውያን ከ60 በላይ የሚሆኑት ክርስቲያኖች ናቸው። ሙስሊም ወገኖቻችንም በራሳቸው እምነት ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ እኔ ግን ስለ ራሴ ቤት ልናገር። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ከሥጋና ከወተት ርቆ የከረመ ምእመን ለፋሲካ ዶሮ የሚሆን ቅቤ ሊገዛ ገበያ ይወጣል። ቤቱ ገብቶ ሲያነጥረው ሙዝ የተቀላቀለበት ሆኖ ያገኘዋል። በርበሬው ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ እንጀራው ውስጥ ጀሶ ተገኘ የሚል ወሬም ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። የሚያሳዝነው ታዲያ ቅቤውን የሸጠው ሰው ብዙ ጊዜ አብሮ የጾመ መሆኑ ነው። ከመቀላቀሉም ከመጾሙም አልቀረም፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ግን ማንም አላስተማረውም።

ቢሮም እንደዚሁ ነው። ባለጉዳይ «ሲስተም የለም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ነገ ተመለስ» ሲባል ይከርማል። ለሻይ የሚሆን ነገር ያቀበለ ዕለት ሲስተሙ ይመለሳል፣ ስብሰባውም ያበቃል። እንዲህ የሚያደርገው ሠራተኛ በምሳ ሰዓት ቅዳሴ የሚያስቀድስ፣ ወይም ረቡዕ ማታ የጸሎት ፕሮግራም የሚመራ ሊሆን ይችላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በቢሯችን ከወንጌሉ ይልቅ ተሰሚነት አለው ብል አላጋነንኩም።

ነገሩን የሰው ክፋት ብቻ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ከትምህርታችን የጎደለ ነገር ያለ ይመስለኛል። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ አባቶች በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተቀምጠው የሰንበትን ነገር መርምረው ወስነዋል። ከዚያ በፊትም የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች በቀዳሚት ሰንበት ምክንያት ብዙ መከራ ተቀብለዋል። ስለ ዕረፍቱ ቀን ይህን ያህል ተደክሟል። ያው የሰንበት ትእዛዝ ግን ስለ ስድስቱ የሥራ ቀናትም ይናገራል። በእነዚያ ስድስት ቀናት ስለሚሠራው ሥራ ጥራትና ስለሚጻፈው ደረሰኝ እውነተኛነት ማን ጉባኤ ተቀመጠ? ምእመኑ ለንስሐ አባቱ ጾም መግደፉን ይናዘዛል፤ ሚዛን ማጉደሉን የሚናዘዘው ግን ስንቱ ነው? በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ሰባኪውና ዘማሪው «አገልጋይ» ተብለው ይከበራሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ስታገላብጥ ያደረችው ነርስ ግን እሑድ የምትመጣው «ለመገልገል» ብቻ እንደሆነ ይታሰባል። ሀብት ሁሉ የበረከት ምልክት ነው የሚለው ስብከት ሲጨመርበት ደግሞ ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ይጠፋል።

መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አያስተምርም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ቀራጮችና ጭፍሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ ቀርበው ምን እናድርግ ብለው ጠየቁት። ሥራችሁን ጥላችሁ በረሃ ግቡ አላላቸውም፤ እሱ ራሱ የበረሃ ሰው ሆኖ ሳለ። ቀራጮቹን ከታዘዘላችሁ በላይ አታስከፍሉ አላቸው። ጭፍሮቹን ደግሞ ማንንም እንዳያስጨንቁ፣ በሐሰት እንዳይከሱ፣ ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነገራቸው። ዛሬ ቢሆን ለገቢዎች ሠራተኛና ለፖሊስ የተሰጠ መልስ ነው። ንስሐቸው የሚፈተነው በዚያው በሥራቸው ላይ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ጥያቄ እንደዚህ የተፈታ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ማግሥት፣ ቀድሞ መደርደሪያ ላይ የነበረ ዘይት በየሱቁ ዋጋው ሲጨምር አይተናል። ነጋዴው መልስ አለው፤ ይህን ሸጬ መልሼ የማመጣው በአዲሱ ዋጋ ነው፣ በድሮው ብሸጥ ከገበያ እወጣለሁ ይላል። ይህ መልስ ውሸት አይደለም፤ የቤተሰብ ጉሮሮ የሚዘጋ ኪሳራ እንዲቀበል መፍረድም ከባድ ነው። ዘይቱን ጓዳ ደብቆ «አልቋል» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ያኛው ካፒታልን ለማዳን የሚደረግ ነው፤ ይህኛው የጎረቤትን ጭንቀት መነገጃ ማድረግ ነው። ነጋዴው በዚህ ድንበር ላይ ብቻውን ቆሞ እንዲወስን ተትቷል። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ባለ ሳምንት ስለ ዘይቱ ካልተናገረች መቼ ልትናገር ነው?

ሥራን ስለማክበር ካነሳን፣ የእጅ ባለሙያውን ጉዳይ ማለፍ አይቻልም። ለቅዳሴ የምንለብሰውን ነጠላ የሚሸምነው ሸማኔ ነው፤ መስቀሉንና ጸናጽሉን የሚሠራው አንጥረኛ ነው። እነዚሁ ሰዎች ግን ለዘመናት «ቡዳ» እየተባሉ ተሰደቡ፣ በጋብቻ ተገለሉ። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገር ግድ ሆኖባቸዋል። ጌታችን በናዝሬት ጸራቢ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ እንደነበሩ እያነበበ ያደገ ሕዝብ አዋጅ ሊያስፈልገው ባልተገባ ነበር። መስቀሉን እየተሳለሙ መስቀሉን የሠራውን እጅ መናቅ ከእምነት ጋር አብሮ አይሄድም። ንቀቱም ጨርሶ አልጠፋም፤ ዛሬም ልጁ አናጺ ወይም ቧንቧ ሠራተኛ ሲሆንበት አንገቱን የሚደፋ አባት አለ። የአንድነት ገዳማቶቻችን በዚህ ከእኛ ይሻላሉ፤ እዚያ እህል የሚፈጨው፣ እንጨት የሚሸከመውና ከብት የሚጠብቀው መነኩሴ የገዳሙ ሙሉ ልጅ ነው፤ ሥራውም ከጸሎቱ ተለይቶ አይታይም።

«ኑሮው አይፈቅድም» የሚሉኝ አሉ። ደመወዙ የወር አስቤዛ አይሸፍንም፣ አለቃው ራሱ ይበላል፣ እምቢ ያለ ሠራተኛ ይገፋል። ይህ እውነት ነው፤ ለብቻው የቆመን ሰው ጀግና ሁን ብሎ መላክ ጭካኔ ነው። ማኅበር ያለን ለዚህ ነው። ሰንበቴው፣ እድሩና የቤት ለቤት ኅብረቱ ለሐዘንተኛ እንደሚደርሱ ሁሉ፣ የሐሰት ሰነድ አልፈርምም ብሎ ከሥራ ለተባረረ ወንድምም ሊደርሱለት ይገባል። የሦስት ወር የቤት ኪራይ የሚሸፍንለት ማኅበር ያለው ሰው «አልፈርምም» ለማለት አቅም ያገኛል።

አብያተ ክርስቲያናትም ከራሳቸው ይጀምሩ። እነሱም አሠሪዎች ናቸው፤ ዘበኛ፣ አስተማሪና ሒሳብ ሹም ይቀጥራሉ። የጥበቃው ደመወዝ በወቅቱ ይከፈል፤ ሒሳቡ በየዓመቱ በውጭ ኦዲተር ይመርመርና ለምእመኑ ይነበብ። ለሕንፃው ብዙ የሰጠ ስለሆነ ብቻ ገንዘቡ የማይጠየቅ ሰው ከፊት ወንበር አይቀመጥ።

እንግዲህ ካህናትና መጋቢዎች ሆይ፣ በመጪው እሑድ ስለ ሚዛን አስተምሩ፤ ምእመኑ የሚውልበትን ገበያና ቢሮ ሄዳችሁ እዩ፣ ፈተናውን ከአፉ ስሙ። ነጋዴዎች፣ በርበሬያችሁን ለልጆቻችሁ ወጥ በምታስፈጩት ዓይነት አስፈጩ። በመስኮት ጀርባ የተቀመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የሚመጣውን ባለጉዳይ ነገ ተመለስ ሳትሉ በዕለቱ ጉዳዩን ጨርሱለት። ወደ ሩቅ አገር የሚላክ ወንጌላዊ ሁላችንም ላንሆን እንችላለን፤ ሁላችንም ግን ነገ የምንሠራው ሥራ አለን፤ በዚያ ሥራም የምናገለግለው ባልንጀራ አለን።