ትኩሳቱ ለቅቆ ድካሙ ሲቀር

በብርቱ ታምመው ነበር እንበል። ትኩሳቱ ለቅቆዎት፣ እህልም መቅመስ ጀምረዋል። ነገር ግን ወር አልፎ ወር ሲተካ ጉልበትዎ አልመለስ ብሎ፣ አንድ ጀሪካን ውኃ ማምጣት ቀኑን ሙሉ ያረሱ ያህል ቢያደክምዎ ምን ያደርጋሉ? ጎረቤት የሚለው የታወቀ ነው፤ «ሰንፎ ነው እንጂ ተነሥቶ ላቡን ቢያወጣ ይለቀው ነበር» ይላል። ይህ ምክር ግን ስንቱን መልሶ አልጋ ላይ ጥሎታል!

ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ስናቃጥል በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የጨረሳቸውን እናስባለን፤ ተርፎ የተነሣው ሰው ድካም ግን አይወራም። ኮቪድ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ነገሩ በዓለም ዙሪያ ደኅና አድርጎ ተመርምሯል። በቫይረስ የሚመጣ ሌላም ትኩሳት፣ ለምሳሌ ደንጊ፣ እንዲህ ያለ ድካም ሊያስከትል ይችላል።

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የሚኖሩ ከኾነ ግን አስቀድመው ይመርመሩ። ወባ፣ የደም ማነስ፣ የሳንባ ነቀርሳና የስኳር በሽታም ያደክማሉ፤ እነዚህ ደግሞ መድኃኒት አላቸው። ደረት የሚወጋዎት ወይም ትንፋሽ የሚያጥርዎት ከኾነ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ምርመራው ሌላ ነገር ካላገኘ ይህን ያስተውሉ። አንዳንዱ ሰው ሰኞ ሽንኩርት ሲኮተኩት ውሎ ደኅና ያድራል፤ የሚወድቀው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ነው። ቅጣቱ ዘግይቶ ስለሚመጣ ከሥራው ጋር የሚያያይዘው የለም። እንዲህ ያለውን ሰው «በየቀኑ ጨምረህ ሥራ» ማለት ይጎዳዋል። እንግሊዞችም ለረጅም ጊዜ በዚህ ድካም ለሚሠቃዩ ሕሙማን ሥራን በልክ እየጨመሩ የማሠራቱን ዘዴ በ2014 ዓ.ም. ከመመሪያቸው አውጥተውታል። ሥራ የማያብስበት ሰው ግን ቀስ እያለ ቢጨምር አይከፋም።

እንግዲህ ሳይደክምዎ ይረፉ። ከባዱን ሥራ ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ከፍለው ይሥሩት፤ ማሾ ሲለቅሙ ቁጭ ብለው ይልቀሙ፤ ውኃውን ልጆች ያምጡ። ደኅና የኾኑ በመሰለዎት ቀን ደግሞ የተጠራቀመውን ኹሉ ልጨርስ አይበሉ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዚያ ቀን ነው።

ለቀን ሠራተኛ ይህን ማለት ቀላል እንዳልኾነ አውቃለሁ፤ ያልሠራበትን ቀን ማንም አይከፍለውም። ገበሬ ለገበሬ በደቦ ማሽላውን እንደሚያጭድለት ኹሉ፣ ለዚህም ሰው ዘመድ ለጥቂት ወራት ትከሻ ቢያውሰው ምን አለበት?

ማስታወሻ ደብተር ባይኖርዎ በከሰል ግድግዳው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ የሠሩበትን ቀን በአንድ ጭረት፣ የወደቁበትን በኹለት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልክዎ የቱ ጋ እንደ ኾነ ግድግዳው ይነግርዎታል።