የሰካራም ልጅ አልተፈረደበትም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ አንዲት እናት ደውለው ነበር። ባለቤታቸውን መጠጥ ነጥቋቸዋል። አሁን ደግሞ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው ከጓደኞቹ ጋር ቢራ መቅመስ ጀምሯል። «ምን ላድርግ?» አሉ። በአማካሪነት የተጋበዙት ሰው ለመመለስ ጊዜ አልፈጀባቸውም፦ «እናቴ፣ ይሄ ጂን ነው። ከአባቱ የወረሰው ነው። በሳይንስ የተረጋገጠ ስለሆነ ራስዎን አያስጨንቁ።» አቅራቢው አመስግኖ ወደ ቀጣዩ ደዋይ አለፈ።

እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም። እኚህ እናት የደወሉት ልጃቸውን ለማዳን ነው፤ አማካሪው ደግሞ ልጁን ሳያዩት፣ ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ ፈረዱበት። ለመሆኑ ይህን ያረጋገጠው የትኛው ሳይንስ ነው?

አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዶናልድ ጉድዊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት ጥናት በዚህ ጉዳይ ላይ ዛሬም ይጠቀሳል። በዴንማርክ ገና በጨቅላነታቸው ከወላጆቻቸው ተለይተው በማደጎ ያደጉ ወንዶችን አነጻጸሩ። ከወላጆቻቸው አንዱ የአልኮል ጥገኛ ከነበረባቸው 55 ሰዎች ውስጥ 10ሩ ራሳቸው ጥገኛ ሆነው ተገኙ። እንዲህ ያለ ወላጅ ካልነበራቸው 78 ሰዎች ውስጥ 4ቱ ብቻ ነበሩ። ወላጃቸው ሲጠጣ አይተው አላደጉም፤ ስለዚህ ዘር ድርሻ አለው። ይህን አልክድም።

አሁን ከ55ቱ ላይ 10ሩን ቀንሱ። 45 ሰዎች ይቀራሉ። የአልኮል ጥገኛ ወላጅ ልጆች ናቸው፤ ጥገኛ ግን አልሆኑም። የዘርን ድርሻ ያሳየው ጥናት ራሱ ከአምስቱ ልጆች አራቱ እንዳልወደቁ ይመሰክራል። አማካሪው ስለእነዚህ 45 ሰዎች ለእናቲቱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ያስቀሩባቸው ተስፋቸውን ነው።

«ተመራማሪዎች የዘርን ድርሻ ግማሽ ያደርሱታል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ የመንትዮችና የማደጎ ልጆች ጥናቶች ሲደመሩ ወደዚያ ይጠጋሉ። ነገር ግን ያ ግማሽ በብዙ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህሉ ከዘር እንደመጣ የሚለካ ነው። የአንድ ልጅ ዕጣ ግማሹ ተቆርጧል ማለት አይደለም። «ጂኑ» ተብሎ የሚጠራ አንድ ነገርም የለም። እ.ኤ.አ. በ1990 ከዶፓሚን ጋር የተያያዘ አንድ ጂን ከአልኮል ጥገኝነት ጋር ይዛመዳል ተብሎ በዓለም ተወራ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ውጤት ፈልገው አጡት። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተው ጥናት ደግሞ ከ100 በላይ የዘረመል ቦታዎችን ለየ። የእያንዳንዳቸው ተጽዕኖ ትንሽ ነው።

ከሁሉም የሚበረታውን ጂን እንኳ እንመልከት። ብዙ ጃፓናውያን ጥቂት ሲጠጡ ፊታቸው ይቀላል፣ ልባቸው በፍጥነት ይመታል፣ ያቅለሸልሻቸዋል። ሰውነት አልኮልን ሲሰባብር የሚፈጠረውን አሴታልዴሃይድ የተባለ መርዝ የሚያስወግደው ኢንዛይም በዘር ምክንያት ስለሚደክምባቸው ነው። ይህ ውርስ ከመጠጥ ያርቃል። ይሁንና በጃፓን የአልኮል ጥገኞች መካከል ይህን ጂን ከአንድ ወላጃቸው የወረሱት እ.ኤ.አ. በ1979 ዓመት 2.5 በመቶ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ 13 በመቶ ደረሱ። በ13 ዓመት የአንድ ሕዝብ ጂን አይለወጥም። የተለወጠው በዙሪያቸው ያለው የመጠጥ ልማድ ነው። ልማድ ይህን ያህል የጠነከረ ጂን ካሸነፈ፣ መልካም ልማድም የከፋውን ውርስ መግታት የማይችልበት ምክንያት የለም።

እኛ ዘንድ ያለው ልማድ ግን እሳቱን የሚያቀጣጥል ነው። ማርክ ሹኪት የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የአልኮል ጥገኛ አባት ያላቸውን ወጣቶች በቤተ ሙከራ አጠጥተው ስካሩ ምን ያህል እንደሚሰማቸው ለኩ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ፈልገው ሲያገኟቸው፣ ያኔ መጠጡ እምብዛም ካልተሰማቸው 56 በመቶዎቹ፣ አጥብቆ ከተሰማቸው ደግሞ 14 በመቶዎቹ ጥገኛ ሆነው ነበር። ስለዚህ ጠጥቶ አለመስከር የአደጋ ምልክት ነው። እኛ ይህን ልጅ «መጠጥ ይችላል» ብለን እናሞግሰዋለን። በሠርጉ፣ በምርቃቱ፣ በግሮሰሪው ይቀዳለታል፤ አጎቶቹ «ወንድ ማለት እንዲህ ነው» ይሉታል። ዓመታት አልፈው ሲወድቅ እነዚያው አጎቶች «ደሙ ውስጥ ነው» ብለው ይሸሹታል። የእህቱም ጋብቻ «የሰካራም ዘር» ተብሎ ይፈርሳል።

«ደሙ ውስጥ ነው» ማለት ቀጂውንም ሻጩንም ነፃ ያወጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ያ ተማሪ ቢራውን ከአባቱ አልወረሰም፤ ገንዘብ ተቀብሎ የሸጠ ሰው አለ። አማካሪው ስለዚያ ሰው ምንም አላሉም።

ሊነገር የሚገባው ግልጽ ነበር። በቤተሰቡ ስኳር ያለበት ሰው ቶሎ ተመርምሮ ይጠነቀቃል እንጂ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የዚህም ልጅ ውርስ ቀድሞ የመንቃት ምክንያት ነው። የአባቱ ታሪክ አይደበቅበት፤ ይነገረው። በልጅነታቸው መጠጣት የጀመሩ ሰዎች ኋላ ጥገኛ የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ ስለሆነ፣ አሁን የሚጠጣት እያንዳንዷ ቢራ ቀላል አይደለችም። ጥገኛ ለሆነም ሰው ሕክምና አለ። ናልትሬክሶን የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ለዚሁ ከተፈቀደበት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ግን በድንገት ቢያቆም ሕይወቱን የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊይዘው ስለሚችል፣ የሚያቆመው በሐኪም ክትትል ይሁን።

የሬዲዮ አዘጋጆች ሆይ፣ «ሳይንስ አረጋግጧል» የሚል እንግዳ ስትጋብዙ የትኛው ጥናት እንደሆነ ጠይቁት፤ መልስ ከሌለው ማይክሮፎኑን ውሰዱበት። እናንተም አንባብያን፣ ጠጥቶ የማይሰክር ወጣት በቤታችሁ ካለ አታጨብጭቡለት። ቁጭ አድርጋችሁ አነጋግሩት፤ ብርጭቆውን የሚሞላለትንም ሰው ተው በሉት።